ስለ አቃቂ ምድርና ስለ መንገዶቹ

የሰው ልጅ መንደር በሚመሠርትበት ጊዜ አስቀድሞ ውኃን፣ ቀጥሎም መንገድን ይመለከታል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለችው አቃቂ ሁለቱንም አግኝታለች፤ ነገር ግን ውኃዋ ከተፈጥሮ የተሰጣት ሲሆን፣ መንገዷ ከዘመን ወደ ዘመን እየተለዋወጠ ዕድሏን አንድ ጊዜ ሲያቀናላት አንድ ጊዜም ሲያጐድልባት ኖሯል። ስለዚህ የአቃቂን ታሪክ ለማወቅ የሚወድ ሰው ምድሯንና መንገዶቿን አስተባብሮ ሊመረምር ይገባዋል።

ከእንጦጦ ራስ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ምድሩ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ ሲወርድ ይታየዋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ግን 2,100 ሜትር ያህል ናት። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች፣ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ ከተማይቱን አልፈው ወርደው፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋራ ይቀላቀላሉ። በዚሁ ግድብ የታቈረው ውኃ በኢትዮጵያ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሰጡት ውኆች አንዱ ነው።

የሜዳው አፈር ጥቁር ነው። ጥቁር መሬት ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ ቢሆንም ለመንገደኛ ግን አስቸጋሪ ነው። በክረምት ጭቃው የሰውንና የከብትን እግር ይይዛል፤ በበጋም ይሰነጣጠቃል። ድንጋይ ካልተነጠፈበት በቀር መንገድ አይጸናበትም። ስለዚህ ሐዲዱ ለዚህ አገር የቱን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ነገር ግን በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ሥራው ብዙ ዓመት ዘገየ። በኋላም የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ወጥቶ፣ ሜዳው ቀንቶለት አቃቂ ገባ። ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አቃቂ ከዋና ከተማይቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀድማ ባቡርን አየች። በቅፍለት ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅ የነበረው ጕዞ በባቡር ሦስት ቀን ሆነ።

ባቡሩ በጣቢያው ስለሚቆም በዙሪያው ሕይወት ተተከለ። የሚቆም ባቡር ጫኝና አውራጅ፣ ሻጭና ገዥ፣ እንግዳና ተቀባይ ይፈልጋል። የመኪናውም ጐዳና በዚያው አቅጣጫ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ወረደ። ውኃውና ሜዳው፣ ሐዲዱና ጐዳናው በአንድ ስፍራ ስለ ተገናኙ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአቃቂ ቆሙ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሠራተኛም ጐረቤት ሆኖ አብሮ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው የአሮጌው ባቡር ጕዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ በአቃቂ አጠገብ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ ነገር ግን የታጠረና ክፍያ የሚጠየቅበት ስለ ሆነ መንገደኛው በዳር ካለው ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ ያልፋል። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በቃሊቲ አበቃ፤ ወደ አቃቂ የሚሄደው ሰው ከዚያ ወርዶ ሌላ መጓጓዣ መፈለግ ግድ ሆነበት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም ከለቡ ተነሥቶ በእንዶዴ በኩል ስለሚያልፍ የቀድሞውን ጣቢያ አይነካውም።

እንግዲህ አቃቂ ዛሬ መንገድ አላጣችም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ በመንገድ ተከባለች። ያጣችው መቆሚያውን ነው። መንገድ አገርን የሚያቀናው በሚያልፍበት ሳይሆን በሚቆምበት ስፍራ መሆኑን ከታሪኳ መማር ይቻላል። ሽማግሌው ወደ ሐኪም፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ለቀስተኛው ወደ ለቅሶ ቤት በቀላሉ ሊደርስ የሚችለው በመንደሩ አጠገብ የሚቆም ነገር ሲኖር ነው። ወደ ፊት መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች ከርዝመቱና ከፍጥነቱ ጋራ መቆሚያውንም ቢያስቡበት፣ ሐዲድን ከአዲስ አበባ ቀድማ የተቀበለችው አቃቂ ዳግመኛ መንገደኛን የምትቀበል አገር ትሆናለች።