ከመሬት በታች የቀረው ፍንዳታ፦ ዳባሁ በ1998 ዓ.ም.

የተፈጥሮን ኃይል በወጣው አመድና ላቫ ብቻ መለካት እንደሚያሳስት ከዳባሁ እሳተ ገሞራ ክስተት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ሰሜን ምዕራብ አፋርን ተከታታይ ርዕደ መሬት ያናውጠው ጀመር። በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ ምድር ተሰንጥቃ አመድ ተፋች፤ አርብቶ አደሮችም ቀያቸውን ለቀው ሸሹ። ስንጥቁ ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

የኤንቪሳት ሳተላይት የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ የታየው ሌላ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የስምጥ ሸለቆው ክፍል እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ክፍተቱን የሞላው ቅልጥ አለት 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ ላይ የወጣው ከዚህ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአፍሪካና የዓረቢያ ሰሌዳዎች እዚህ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ስለዚህ አራት መቶ ዓመት ያህል የተጠራቀመ ውጥረት በጥቂት ሳምንታት ተፈታ ማለት ነው። የሚገርመው ከርዕደ መሬቶቹ ትልቁ በመጠን 6 እንኳ አልሞላም፤ ቅልጡ በራሱ ግፊት አለቱን እየገፋ ስለገባ፣ መሬት የተከፈተችው በአብዛኛው ያለ ብርቱ ንቅናቄ ነው።

የቅልጡ ምንጭ አከራክሯል። በመጀመሪያ ጥርጣሬው ያረፈው በሰሜን ጫፍ ባሉት በዳባሁና በጋብሆ እሳተ ገሞራዎች ላይ ነበር፤ ሁለቱም ሰርጉደው ነበርና። በኋላ የወጡ ጥናቶች፣ የርዕደ መሬት ተመራማሪው አታላይ አየለና የባልደረቦቹ ሥራ ጭምር፣ ዋናውን ድርሻ በክፍሉ መካከል ለሚገኘው አዶ አሌ ሰጡ። እኔም ይህን እቀበላለሁ፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ቅልጥ አለት በተከታታይ 13 ጊዜ ሰርጎ የገባው ከዚያው አካባቢ ተነሥቶ ነውና። በአብዛኞቹም ጊዜያት ቅልጡ ከመሬት በታች ቀርቷል።

ጉዳዩ ሰው ከማይበዛበት በረሃ አያልፍም የሚል ካለ፣ 2017 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከሥር ሲሰርግ፣ ላቫ ሳይፈስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ። እሳት እስኪታይ የሚጠብቅ ማስጠንቀቂያ ለእነርሱ ምንም አይጠቅምም። በዳባሁ ጊዜ መለኪያዎች በቅርብ የተተከሉት ዋናው መከፈት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነበር። የርዕደ መሬትና የጂፒኤስ ጣቢያዎች በስምጥ ሸለቆው ክፍሎች ላይ አስቀድመው፣ በቋሚነት መተከል አለባቸው፤ ከአዋሽ ተፋሰስ ከተሞችና እርሻዎች ቢጀመር ይመረጣል።