ሰገራውን የሚይዝ ሕፃን፦ ከቅጣት ወደ ሕክምና

ሰገራውን መያዝ የለመደ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን ሲመጣበት ጥግ ይዞ ወይም መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ይቆማል። እግሮቹን ያቆላልፋል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፣ ፊቱ ይቀላል። የሚያየው ሰው እያማጠ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን እንዳይወጣበት ባለ በሌለ ኃይሉ እየታገለ ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ ሕመም ነው። አንድ ቀን የወጣ ደረቅ ሰገራ ያሳመመው ልጅ ሁለተኛ ላለመታመም ይይዛል። የተያዘው ሰገራ አንጀት ውስጥ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ መጠኑም ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሲወጣ ከፊተኛው የባሰ ያማል። ይህ ሲደጋገም የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጣል፣ መምጣቱን የሚያሳውቀው ስሜትም ይደክማል። ከዚያ ፈሳሽ ሰገራ በደረቁ ዙሪያ እያመለጠ ልብሱን ያበላሻል፤ ልጁም «ሰነፍ» ይባላል። ሕክምናው ይህን ዑደት በግልጽ እስኪያየው ድረስ በርካታ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ እስከዚያው ወቀሳው በልጁና በእናቱ ላይ ሲወርድ ኖሯል።

በአሜሪካ የዘመኑን ምክር በጽሑፍ ካስቀመጡት አንዱ የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሉተር ኤሜት ሆልት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ለእናቶችና ለሞግዚቶች በጥያቄና መልስ ያዘጋጀው መጽሐፍ፣ ሕፃኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ሊሠለጥን እንደሚችል ያስተምራል። ሞግዚቷ ትንሽ ሳህን በጉልበቶቿ መካከል ትይዛለች፤ የሕፃኑን ጀርባ ደረቷ ላይ አስደግፋ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳህኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ላይ እምቢ ካለው፣ ዘይት የተቀባ ወረቀት ወይም የሳሙና ቁራጭ ፊንጢጣው ውስጥ ጥቂት እንዲገባ ይመከር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ በ1914 ያወጣው የሕፃናት እንክብካቤ መጽሐፍም የሰዓት ሥርዓቱን አጠናክሮ በሚሊዮኖች ቤት አስገባው። ሽንት ጨርቅ በእጅ በሚታጠብበት ዘመን የእናቶች ችኮላ የሚያስገርም አይደለም። ችግሩ ምክሩ ለልጁ ፍርሃት አንዳች ቦታ አለመተዉ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ባሳተመው ድርሰት ሰገራን መያዝን ከደስታ ስሜት ጋር፣ በ1908 ደግሞ ይህንኑ ከግትርነትና ከቆጣቢነት ጠባይ ጋር አያያዘው። ሐሳቡ ሐኪሞች ማስገደድን እንዲጠራጠሩ ረድቷል፤ ይሁን እንጂ የልጁን አካላዊ ሕመም ወደ ኋላ ገፍቶ የእናቲቱን ጠባይ መመርመሪያ አደረገው። ይህ ጉዳት ቀላል አልነበረም፤ ድርቀት ብቻ የነበረበት ልጅ የሥነ ልቦና ጉዳይ ተደርጎ ታየ።

አካላዊውን በሽታ ከልማዱ ለመለየት በር የከፈተው ሌላ ታሪክ ነው። የኮፐንሃገኑ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ በ1886 በርሊን ላይ፣ ትልቁ አንጀታቸው ከልክ በላይ ሰፍቶ ስለሞቱ ሁለት ሕፃናት ገለጻ አቀረበ። በኋላ እንደታወቀው፣ በበሽታው የአንጀቱ የታችኛው ክፍል የነርቭ ሕዋሳት ይጎድሉታል። በ1948 የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኦርቫር ስዌንሰን ከባልደረባው ጋር ይህን ክፍል ቆርጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና አሳተመ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕፃን ሲታወቅ፣ አንጀታቸው ጤነኛ ሆኖ ሰገራ የሚይዙት ብዙኃኑ ልጆችም ለብቻቸው መታየት ጀመሩ። የኒው ዮርኩ ሐኪም ሙሬይ ዴቪድሰን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለእነዚህ ልጆች ያቀረበው ሕክምና መሠረቱ እስካሁን አልተናጋም፦ መጀመሪያ የተጠራቀመውን ማስወጣት፣ ቀጥሎ ሰገራው ለወራት ለስልሶ እንዲቆይ ማድረግ፣ ከዚያም ልጁን በመደበኛ ሰዓት መቀመጥን ማስለመድ። እሱ የተጠቀመው ሊኩዊድ ፓራፊን በሚባለው ዘይት ነበር፤ ይህ ዘይት ትንታ ሆኖ ሳንባ ስለሚጎዳ ለጨቅላዎች አይሰጥም።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን በቤት የሚሰጠውን ሥልጠና ለወጠው። በ1962 ያሳተመው ጥናት 1,170 ልጆችን የሸፈነ ሲሆን፣ ሥልጠናው ከ18 ወር ገደማ እንዲጀመር ይመክራል። ልጁ የራሱ ፖፖ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ልብሱን እንደለበሰ ይቀመጥበታል፤ ቆይቶ የሽንት ጨርቁ ውስጥ ያለው ሰገራ እያየ ፖፖው ውስጥ ይደፋለታል። ከፈራ ወይም እምቢ ካለ ነገሩ ለጊዜው ይቆማል።

ከዚህ ተነስቶ ቀድሞ መጀመር በራሱ ጎጂ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። በ1977 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ ብሔረሰብ እናቶች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀምራሉ፤ ልጆቻቸውም በአምስትና በስድስት ወራቸው በአብዛኛው ንጹሕ ይሆናሉ። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ከልጇ ጋር ስለሆነች ምልክቱን ታውቃለች፤ ቅጣትም የለም። ስለዚህ የሆልት ዘመን ጥፋት ያለው ከዕድሜው ይልቅ በግዴታውና የልጁን ምልክት ትቶ ሰዓት በመከተሉ ነው።

በ2014 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት የጋራ መመሪያ የመጀመሪያው ምርጫ ከውሃ ጋር የሚጠጣው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ሆነ። ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ወር ይቆያል፤ ምልክቶቹ ከጠፉ አንድ ወር ካለፈ በኋላም መድኃኒቱ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው። ብዙ ወላጆች ልጁ የተሻለው ሲመስላቸው በሳምንቱ ያቆሙታል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከመድኃኒቱ ጎን፣ ምግብ አንጀትን ስለሚያነቃቃ ልጁ ከበላ በኋላ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ይቀመጣል፤ እግሩም እንዳይንጠለጠል ከሥሩ በርጩማ ይደረግለታል። በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ሰገራውን ያላወጣ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አረንጓዴ የሚያስታውክ ወይም ክብደት የማይጨምር ሕፃን ግን ችግሩ ከመያዝ ልማድ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር በሐኪም መታየት አለበት።