«ልቀት» የጭስ ነው፤ ሰው ይፈታል

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሰጥ አንድ የፍርድ ዓይነት (supervised release) «ክትትል የሚደረግበት ልቀት» ተብሎ ሲተረጎም ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ልቀት የካርቦን ነው፤ ፋብሪካና መኪና የሚያወጡት ጭስ። ሰው በአማርኛ ይታሰራል፣ ይፈታል። ልጇ የታሰረባት እናት «መቼ ነው የሚፈታው?» ትላለች እንጂ ስለ ልቀቱ አትጠይቅም።

ኮንግረስ በፈረንጆቹ 1984 ባወጣው ሕግ ፓሮልን (የእስር ጊዜ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ መፈታትን) ከፌዴራል ሥርዓት አስቀርቶ ይህን የፍርድ ዓይነት አመጣ። እስረኛው የእስር ጊዜውን ጨርሶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዳኛው የወሰነለትን ዓመታት በፕሮቤሽን ኦፊሰር ዓይን ሥር ይኖራል።

«አመክሮ እያለን ምን አስጨነቀን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አመክሮ ግሩም ቃል ነው። በግእዝ «አመከረ» ማለት ፈተነ ማለት ነው፤ መከራም ሙከራም ዘመዶቹ ናቸው። ገዳም የገባ ሰው ከመመንኮሱ በፊት በአመክሮ ይቆያል። በሕጋችን ግን አመክሮ ከእስሩ ላይ ይቀንሳል፤ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የታረመ እስረኛ ቀሪውን ውጭ ሆኖ ይጨርሳል። የአሜሪካው ከእስሩ ላይ የሚታከል ነው። አመክሮ ብንለው ሰሚው ተቀነሰልኝ ብሎ ይደሰታል። «ገደብ»ም አይሆንም፤ ቅጣቱ በገደብ የተያዘለት ሰው እስር ቤት ሳይገባ ነው የሚቀረው።

እኔ «በክትትል መፈታት» እላለሁ። «በአመክሮ መፈታት» በሄደበት መንገድ ስለሚሄድ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ትልቁ አደጋ ያለው ሰውየው ግዴታውን ጥሶ ወደ እስር ሲመለስ ነው። ይህን «ክትትሉ ተነሣ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ክትትሉ ተነሣልህ የተባለ ሰው ነጻ ወጣሁ ይላል፤ ዳኛው ግን ወደ እስር ቤት ልኮታል። ይግባኝ ለማለት ደግሞ ያለው ጊዜ ውሳኔው መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ 14 ቀን ነው። ስለዚህ የሚነሣው ክትትሉ ሳይሆን የሚሰረዘው መፈታቱ መሆኑ በግልጽ ይነገር።

«ይሻራል» ለምን አልተባለም? መሻር የበላይ ፍርድ ቤት ሥራ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ሻረ ካልን «መሻሩ ተሻረ» የሚል እንቆቅልሽ ውስጥ እንገባለን። መሰረዝን ለሥር ዳኛው፣ መሻርን ለይግባኝ ሰሚው እንተውላቸው።

ይግባኙም ከንቱ ልፋት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ዳኛው የሚሰርዘው ያለ ጁሪ፣ ሚዛን በሚደፋ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አይጠበቅበትም። ቢሆንም ልጓም አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ዳኛው ለመሰረዝ ሲያስብ ለመጀመሪያው ወንጀል አጸፋ መመለስን ምክንያት ሊያደርግ እንደማይችል ወስኗል። ይህን የጣሰ ዳኛ ያጋጠመው ሰው ጉዳይ በአማርኛ እንዲህ ይነገራል፦ «ዳኛው በክትትል መፈታቱን ሰረዘበት፤ ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ስረዛውን ሻረለት።»