የአክብሮት ትእዛዝ በሆሳዕናና በከምባታ ከተሞች

በአማርኛ ታላቅን ሰው «ስጠኝ» ማለት ነውር ነው፤ «ይስጡኝ» ይባላል። ግሱ ትእዛዝ አንቀጽ መሆኑን ትቶ ዘንድ አንቀጽ ይሆናል፤ ፊት ለፊት የቆመው አንድ ሰው በሩቅ እንዳሉ ብዙ ሰዎች ይጠራል፤ ተቀባዩን የምታመለክተው «ኝ» ግን ከግሱ መጨረሻ አትለይም። ይህ አነጋገር በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎቹ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ሲመጣ ግን አገሩ የራሱ የአክብሮት ወግ ነበረው።

ከምባትኛና ሀዲይኛ የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተውላጠ ስምን ከግሱ ጋር አያይዘው ይናገራሉ። በከምባትኛ አንድን አዛውንት የሚያዝ ሰው ብዙዎችን በሚያዝበት ቃል ይጠቀማል። ዎማ በሚባሉ ነገሥታት ትተዳደር በነበረችው ከምባታ ከዚህም የጠለቀ ሥርዓት ነበር፤ እርሱም ያገቡ ሴቶች የሚጠብቁት ባሊሻ ነው። ሚስት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸውን መተው ብቻም አይበቃም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምረውን ሌላውንም ቃል ትተዋለች። ያ ቃል የውሃ ወይም የእህል ስም ቢሆን እንኳ በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልጋለች ወይም ነገሩን ዞር አድርጋ ትገልጸዋለች። ስለዚህ አንዲት ምራት ውሃ እንዲያቀብሏት ስትጠይቅ የግሱን መልክ ብቻ ሳይሆን የምትናገረውን ቃል ሁሉ ትመዝን ነበር። አክብሮትን ይህን ያህል ወደ ቃላት ውስጥ ያስገባ ወግ በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

የምኒልክ ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ አማርኛ የአገረ ገዥው፣ የዳኛውና የቤተ ክህነቱ ቋንቋ ሆነ። ዋቸሞ ትባል የነበረችውን ከተማ ራስ አባተ ቧያለው በበዓሉ ስም ሆሳዕና አሏት፤ ቆይታም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ባላገሩ ከአማርኛው የአክብሮት ትእዛዝ ጋር ይበልጥ የተዋወቀው በፍርድ ቤት ደጅ ነው። አማርኛ ጨምሮ ያመጣለት ነገር በጽሑፍ የሚቀርብ አክብሮት ነበር፤ ማመልከቻ ጸሐፊው የባለጉዳዩን ቃል በአማርኛ ሲያሰፍር «ይዩልኝ»፣ «ይፍረዱልኝ»፣ «ይፈርሙልኝ» እያለ ይጽፋል።

በእነዚህ ቃላት ውስጥ ያለችው «ል» ትንሽ ብትመስልም የጉዳዩ ፍሬ እርሷ ናት። «ይፍረዱልኝ» ያለ ሰው ፍርዱ ለእርሱ እንዲሆን ይለምናል፤ «ል» በ«ብ» ተተክታ «ይፍረዱብኝ» ከሆነ ሰውዬው በራሱ ላይ ፍርድ እየጠየቀ ነው። አማርኛ አፉን ላልፈታበት ባለጉዳይ ይህ ልዩነት ከባድ ነበር፤ በጸሐፊው ላይ የነበረው ጥገኝነትም በከፊል ከዚሁ የመጣ ነው።

በአክብሮት ትእዛዝ የስፓኝ ቋንቋም ከአማርኛ ጋር ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የአክብሮት መጠሪያው «ኡስቴድ» የተገኘው «ጸጋዎ» ወይም «ምሕረትዎ» ከሚል የማዕረግ አጠራር ነው፤ አማርኛም «እርስዎ»ን ያገኘው «ራስ» ከሚለው ቃል ነው። ሁለቱም የተከበረውን ሰው የሚያዙት እንደ ሩቅ ሰው አድርገው ነው። የሚለያዩት በተውላጠ ስሙ አቀማመጥ ነው። ስፓኞች «ዴሜሎ» ሲሉ «ለእኔ»ንም «እሱን»ም በአንድ ግስ ላይ ይደርባሉ፤ አማርኛ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ሲከለክሉ ሁለቱንም ወደ ግሱ ፊት አውጥተው «ኖ ሜ ሎ ዴ» ይላሉ፤ በአማርኛ «አይስጡኝ» ሲባል «ኝ» ከቦታዋ አትነቃነቅም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ሆሳዕና መጡ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ደግሞ አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ። በዚህ ምክንያት ለሁለት ትውልድ ያህል በትምህርት ቤት የተጻፈው የአክብሮት ቃል የአማርኛው ብቻ ሆነ፤ ይህም ለከምባትኛና ለሀዲይኛ ትልቅ ጉዳት ነበር።

ደርግ የድሮውን ማዕረግ በ«ጓድ» ቢተካም «ይስጡኝ» አልተነካም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆይቶ 15 ቋንቋዎችን አቀፈ፤ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚህ መካከል ሆነው በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ላቲን ፊደል ተዛውረው የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነዋል። ባሊሻ ግን ወደ መጥፋት አዘንብሏል፤ ትምህርት የቀሰሙ ወጣት ሴቶች ትተውታል፣ ቃላቱን በደንብ የሚያውቁትም በዕድሜ የገፉት እናቶች ናቸው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ቃላቱን መዝግቦ ማቆየት ይገባል።

በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር ከተማው ሆነች፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።