የደንገል ዕድሜ፦ የጣና ታንኳና በአየር የመንሳፈፍ ጥበብ

በመራዊ አቅራቢያ የሚያልፈው የቆጋ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ግልገል ዓባይም የሜጫን ምድር አቋርጦ በደቡብ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባል። ውኃው አንድ ይሁን እንጂ ሰው ውኃውን የሚሻገርበት ጥበብ እንደየቦታው ይለያይ ነበር። ከሐይቁ በታች፣ በጥልቁ የዓባይ ሸለቆ፣ መንገደኛው ነፍሱን የሚያሳድረው በአየር በተነፋ የፍየል ስልቻ ላይ ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ ግን ከደንገል በታሰረ ታንኳ ላይ ነበር። ሁለቱም የሚያንሳፍፉት በውስጣቸው በያዙት አየር ነው፤ አየሩን የሚይዙበት መንገድ ግን የተራራቀ ነው፣ የሁለቱም ዕድሜ የሚወሰነው በዚሁ ልዩነት ነው።

ስልቻ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የሚበጅና ለወትሮው እህልና ዱቄት የሚያዝበት ዕቃ ነው። ወንዝ ለመሻገር ሲፈለግ የእግሩና የአንገቱ ቀዳዳዎች በጥብቅ ታስረው በትንፋሽ ይነፋና ዋናተኛው ደረቱን አሳርፎበት በእግሩ እየቀዘፈ ይሻገራል። አየሩ ያለው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሆነ እሾህ ቢወጋው ወይም ማሰሪያው ቢላላ የሚያንሳፍፈው ኃይል ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ርጥበት ሲቆይበት ደግሞ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጥንካሬው ያለው በቆዳውና በማሰሪያው ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዘመናችን የአየር ጠርሙስ በጀርባቸው አዝለው ወደ ባሕር የሚጠልቁ ስፖርተኞች የሚለብሱት «ክንፍ» የሚባለው መሣሪያም የስልቻ ዘመድ ነው። ክንፍ ከጠላቂው ጀርባ ጋር የሚታሰር የአየር ከረጢት ሲሆን፣ ጠላቂው አየር እየጨመረና እየቀነሰ በውኃው ውስጥ ከፍና ዝቅ ይልበታል። ብዙውን ጊዜ ውጪው ከጠንካራ ናይለን፣ ውስጡ አየር ከማያሳልፍ ፖሊዩሬቴን የተሠራ ነው። የሚያረጀውም በዋናነት በሦስት ነገሮች ነው፦ ውስጡ ገብቶ በሚደርቅ የባሕር ጨው፣ በፀሐይ ጨረርና በስፌት መላላት። ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ ውስጡም ውጪውም በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በጥላ እንዲደርቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ደንገል ግን ከዚህ የተለየ ተፈጥሮ አለው። ከአራት ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችለው ይህ የውኃ ዳር ተክል ግንዱ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ከውጭ አረንጓዴና ለስላሳ ልጣጭ አለው፣ ከውስጥ ደግሞ ነጭ፣ ቀላልና ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ስፖንጅ መሰል ነገር ይታያል። የዚህ ነጭ ክፍል ብዛቱ አየር ነው፤ አየሩም እንደ ስልቻ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሳይሆን ቁጥር ስፍር በሌላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ስለሆነም አንድ ግንድ ቢሰበር ሌሎቹ ይሸከማሉ፣ አንዱ ክፍል ውኃ ቢገባበት ጎረቤቱ ይቆያል። ውኃ ቀስ በቀስ የሚሰርገው በተለይ ግንዱ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ስለሆነ ታንኳ በድንገት አይሰምጥም፤ ከዕለት ወደ ዕለት እየከበደና ዝቅ እያለ ለባለቤቱ ምልክት ይሰጣል እንጂ።

የታንኳው አሠራርም ይህንኑ ጠባይ የተከተለ ነው። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ተደርድሮ በልጥ፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊት በሚላጥ ማሰሪያ፣ ይጠፈራል፤ ፊቱ ወደ ላይ ተቆልምሞ ይሾላል፣ ከውስጥም ቀዛፊውና ጭነቱ ከርጥበት እንዲርቁ ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፋል። ቀዛፊው በአንድ ረጅም ዘንግ ውኃውን በቀኝና በግራ እያፈራረቀ ይገፋል። ጉዞው ሲያበቃ ታንኳው ውኃ ላይ አያድርም፤ ወደ ዳር ተስቦ ዛፍ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ የጠጣው ውኃም በጫፉ በኩል ተንጠባጥቦ ይወርዳል፣ ፀሐይና ነፋስም የቀረውን ያደርቃሉ። እንዲህ እየደረቀም ቢሆን ዕድሜው ከጥቂት ወራት እምብዛም አያልፍም።

ይህ አጭር ዕድሜ ግን የጥበቡን ረጅም ዕድሜ ሊያስረሳ አይገባም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር ሲናገር የደንገል ጀልባዎችን ያነሣል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ማኑኤል ደ አልሜይዳም የጣናን ጀልባዎች ታንኳ በሚለው ስማቸው ጠቅሶ ጽፏል። እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተረካቸውን የጣና ደሴቶችና ገዳማት የጎበኘው በታንኳ እየተጓዘ ነበር። የዘጌ ቡናና ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው፣ የደሴት መነኮሳትም ከየብስ ጋር የሚገናኙት በታንኳ ነበር።

የደንገል ጽናት በዓለም ፊት የተፈተነው ግን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት አስቦ፣ ከጣና የታጨደ 12 ቶን ያህል ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ደንገል ከሁለት ሳምንት በላይ አይንሳፈፍም የሚሉ ባለሙያዎች ነበሩ። «ራ» በ1969 እ.ኤ.አ. በሜይ ወር ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሥታ ወደ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ሰምጦ፣ ማሰሪያዋም ተበጣጥሶ ተተወች። በማግሥቱ ዓመት በቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የአይማራ ሠሪዎች የታሰረችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። የሁለቱም ጀልባዎች ደንገል ኢትዮጵያዊ ነበር፤ የተለየው አስተሳሰሩ ነው። አይማራዎቹ ሁለት ታላላቅ ጥቅሎችን ከመካከለኛ ትንሽ ጥቅል ጋር በረጅም ገመድ ጠምጥመው ስላሰሩ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ በሄደ መጠን ይበልጥ እየጠበቀ ሄደ። ስለ ደንገል የሚጻፈው ብዙው ነገር ይህን ጉዞ ሲያወድስ ማሰሪያውን ይዘነጋል፤ ይህ ደግሞ ሠሪውን መዘንጋት ነው።

በጣና ዳር ያለው ሠሪ በአብዛኛው ወይጦ ነው። ወይጦዎች በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ፣ ዓሣ በማስገርና በቀደመው ዘመን ጉማሬ በማደን የታወቁ፣ የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ የሚናገሩ ሕዝቦች ናቸው። ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን ሲያርቋቸው ኖረዋል፤ የገዳሙን እጣንና የገበያውን እህል ያሻገረው ታንኳ ግን የእነርሱ እጅ ሥራ ነበር። ይህ በደል በሐይቁ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ተነግሯል።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጣሊያኖች የተጀመረው የሞተር መርከብ አገልግሎት፣ በ1980ዎቹ የገቡት የሞተር ጀልባዎችና የናይለን መረቦችም የታንኳን ሥራ አጠበቡ። ከዚህ ይልቅ ሥር የነካው የዳርቻው ለውጥ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የሐይቁን ውኃ ከፍታ ለኃይል ማመንጫ እንዲመች ካደረገ በኋላ፣ በተለይ በ2003 ውኃው እጅግ ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር፤ ውኃው በሸሸበት ዳርቻ ማሳ ተከተለ፣ ደንገሉም ተመናመነ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ከቀረው የውኃ ዳር ከፊሉን ሸፈነ። የብረት ጀልባ ዳርቻው ቢራቆትም ይሠራል፤ በየጥቂት ወሩ እንደ አዲስ መታሰር ያለበት ታንኳ ግን የሚታጨድ ደንገል ከቅርብ ካልተገኘለት አንድ ክረምት አይሻገርም።