ከልክ ያለፈ መብራትና የሰው ጤና

በኦሪት ዘፍጥረት ብርሃን ከጨለማ ተለየ፤ ጨለማውም ሌሊት ተብሎ ስም ተሰጠው እንጂ ከፍጥረት ሥርዐት አልተጣለም። የሰው ልጅም ብዙ ሺሕ ዓመት በዚህ ሥርዐት ኖረ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚያገኘው የምድጃ እሳት፥ የኩራዝና የጧፍ ብርሃን ደብዛዛ ስለ ነበረ ሌሊቱን አላጠፋበትም።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1667 ዓ.ም. በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን በፓሪስ ጎዳናዎች ፋኖስ ተሰቀለ። በ1807 በሎንዶን በፖል ሞል ጎዳና የጋዝ መብራት በራ። በ1879 ቶማስ ኤዲሰን ብዙ ሰዓት የሚቆይ የኤሌክትሪክ አምፑል ሠራ፤ በ1882 ደግሞ በኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ አቆመ። መንገደኛው ከሥጋት ዐረፈ፥ ሠራተኛው ሌሊቱን እንደ ቀን ሠራበት፤ ስለዚህ መብራት በበዛ ቍጥር ሥልጣኔ የበዛ መሰለ።

የጨለማ ጥቅም የተገለጠው ግን ዘግይቶ ነው። በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ለርነር ከባልደረቦቹ ጋራ ሜላቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አገኘ። ይህም በአንጎል ውስጥ ካለች ታናሽ ዕጢ በጨለማ እየመነጨ፥ ሌሊት መምጣቱን ለሰውነት ኹሉ የሚያስታውቅ ነው። በ1980 የታተመ ምርመራ የሌሊት ደማቅ ብርሃን ይህን ንጥረ ነገር በሰው ውስጥ እንደሚያግደው አስረዳ፤ ይልቁንም ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብርሃን ያግደዋል። ስለዚህ ዐይን ብርሃን ሲያይ ሰውነት ገና ቀን ነው ብሎ ይታለላል፤ እንቅልፍ ይዘገያል፥ ልቡናም ይደክማል። በሌሊት ብዙ ብርሃን በሚያገኛቸው ሰዎች ዘንድ የመንፈስ ጭንቀት በዝቶ ታይቷል፤ ምክንያቱ ብርሃኑ ብቻ ነው ለማለት ግን ገና አልተቻለም። በ2007 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባውን የሌሊት ፈረቃ ሥራ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ነገሮች ጋራ ቈጠረው።

ጉዳቱ በሥጋ ብቻ አይወሰንም። በ2016 የወጣው የዓለም ሰማይ ካርታ እንዳመለከተው፥ ከሰው ልጅ ከሲሶው የሚበልጠው ከሚኖርበት ስፍራ ኾኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። ነቢዩ ዳዊት ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክቶ የሰውን ታናሽነት ያሰበበት ሰማይ ለእነዚህ ሰዎች ተሸፍኗል።

መድኀኒቱ ግን ወደ ጨለማ ዘመን መመለስ አይደለም። በዚያው በ1958 በአሪዞና ያለችው የፍላግስታፍ ከተማ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን የማስታወቂያ መብራት በደንብ ከለከለች፤ ከተማነቷም በዚህ አልጐደለም። ለበሽተኛ አስታማሚና ለዘብ የሌሊት መብራት ያስፈልጋል። የጎዳናው መብራት ግን ክዳን ተደርጎለት ወደ ምድር ቢመለከት፥ የመኝታ ቤቱም በጊዜው ቢጠፋ፥ ለብርሃንም ለጨለማም የተሰጣቸው ድርሻ ይጠበቃል።