ስክሪኑ ጨለመ እንጂ ኪቦርዱ አልሞተም

ከአዲስ አበባ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆን ሳያልፍ ካፖርቱን ያወልቃል። አሮጌ ኪቦርድ ጭኖ የሚወርድ ሙዚቀኛ ግን ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። ማለዳ አዲስ አበባ ላይ ጥርት ብሎ ይነበብ የነበረው የመሣሪያው ስክሪን፣ ቀትር ላይ አዳማ ከሠርግ ድንኳን ሥር ሲከፈት ይጠቁራል፤ ፊደሉና መደቡ ይደባለቃል። ያን ጊዜ «ተቃጠለ!» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ ትንሽ መስኮት በኪቦርድ ላይ መቼ ተከፈተ? ስለምን ይጨልማል? ሲጨልምስ ምን ይዞብን ይሄዳል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምር። የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ኦርጋኖችና ፒያኖዎች ስክሪን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት፣ በ1977ም «ቸ በለው» የተሰኘው አልበም ሲወጣ፣ የኦርጋን ተጫዋች ድምፁን የሚቀይረው ማብሪያ ማጥፊያዎችን በጣቱ ዳስሶ ነበር። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፤ ባንዱም ታዳሚውም በር ተዘግቶባቸው እስከ ንጋት አብረው የሚያነጉባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ተጫዋቹን ያላስቸገረው፣ ማወቅ የሚያስፈልገው ሁሉ በጣቱና በጆሮው ስለነበረ ነው። ማንበብ አይጠበቅበትም ነበር።

በ1983 ነገሩ ተለወጠ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ በ1960ዎቹ የደረሰበትን ድምፅ የመፍጠር ዘዴ መሠረት አድርጎ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዲኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ። በዚህ መሣሪያ ላይ የቀድሞዎቹ መዘውሮች ብዛት የለም። በምትኩ ጠፍጣፋ መጫኛዎችና አንዲት ትንሽ ስክሪን ተቀመጡ፤ ሁለት መስመር፣ በየመስመሩ 16 ፊደል። ከኋላዋ የምታበራ መብራት እንኳ አልነበራትም። አዲስ ድምፅ ለመቀመም በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል ማለፍ ግድ ሆነ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። የቋንቋው እንግዳ የሆነ ተጫዋች ቁጥሩን በቃሉ ይይዛል።

በ1988 ደግሞ ኮርግ ኤም 1 መጣ። ይህኛው የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን፣ ከበሮን፣ እስከ ስምንት የሚደርሱ ክፍሎችን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውት ማሽንን በአንድ ሣጥን ውስጥ አካተተ። በአገራችንም በካሴቱ ዘመን ሲንተሳይዘር የመለከትና የሳክስፎን ጓዶችን ቦታ እየወሰደ ነበር። እንደ ሮሃ ባንዱ ዳዊት ይፍሩ ያሉ ባለ ኪቦርዶች የዘመኑን ዘፈን መልክ ከሰጡት መካከል ናቸው። ከ1991 በኋላ የሰዓት እላፊው ነገር ሲቀር ሌሊቱ ተከፈተ፤ የምሽት ቤቶች በዙ። ስድስትና ሰባት ሰው ይጠይቅ የነበረው ሥራ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ድምፃዊ መሠራት ጀመረ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከአዳማ የተሻለ መናኸሪያ ማግኘት ይቸግራል። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ወንጂ፣ ወደ ሶደሬ፣ ወደ መተሐራና ወደ አሰላ የሚወስዱ መንገዶች በእጇ ናቸው፤ ሞጆ ላይ የሚታጠፈውም ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ያደርሳል። ኪቦርዱ በጣሪያ ተጭኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ተመላልሷል። በልጅነቴ አዳማ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ባለ ኪቦርድ ከካርቶን የቆረጠውን ጥላ በስክሪኑ ላይ እንደ ባርኔጣ አጥልቆ ነበር። እኛ ልጆቹ ጌጥ መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ከፀሐይ ጋር እየተሟገተ ኖሯል።

የዚህ ሙግት ሥር ወደ 1888 ይወስደናል። ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር የተባለ የዕፀዋት ተመራማሪ በፕራግ ሲሠራ፣ ሲሞቅ እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ነገር ግን የጠጣር ክሪስታልን ጠባይ የሚያሳይ ቁስ አገኘ። «ፈሳሽ ክሪስታል» የተባለው ይህ ነው። ለስክሪን ሊያገለግል መቻሉን የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ለዓለም ያሳየው በ1968፣ በጆርጅ ሃይልማየር በተመራው ሥራ ነበር። ፈሳሽ ክሪስታል የራሱ ብርሃን የለውም። ኤሌክትሪክ ሲነካው ብርሃንን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ሥራው እንደ መጋረጃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍን እናስብ። ቀለሙ ከብራናው ምን ያህል ተለይቶ ይታያል? ይህ ኮንትራስት ነው። መጽሐፉን የምናነብበት ጧፍ ምን ያህል ያበራል? ይህ ደግሞ የብርሃን መጠን፣ ብራይትነስ የሚባለው ነው። ቀለሙ ለደበዘዘበት ጽሑፍ ጧፍ ቢያበዙለት ብዙ አይፈይድም፤ ጧፍ ለሌለውም የቀለሙ መድመቅ አይጠቅመውም። በኪቦርድም እንዲሁ ነው። የኮንትራስቱ መዘውር ወደ ክሪስታሉ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ግፊት ይለውጣል፤ ብራይትነስ ግን ከስክሪኑ በስተኋላ ያለውን መብራት ይመለከታል።

ስምጥ ሸለቆው ጣልቃ የሚገባው በኮንትራስቱ በኩል ነው። ፈሳሽ ክሪስታል ሲሞቅ በትንሽ ግፊት ይነቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አዳማ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፤ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። በደጋው ብርድ የተስተካከለው ግፊት በቆላው ሙቀት ከልክ በላይ ይሆንና መነካት ያልነበረበት የስክሪኑ ክፍል ሁሉ ይጠቁራል። በተቃራኒው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ፊደሉ ይገረጣል። ሙቀቱን አይቶ ራሱን የሚያስተካክል ስክሪን ቢኖርም፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ኪቦርዶች ግን ይህንን ለባለቤታቸው እጅ ትተውታል። የሚያዩበት ማዕዘንም ለውጥ ያመጣል። ተቀምጦ ሲጫወት ያስተካከለው ሰው ቆሞ ሲጫወት ሌላ ስክሪን ያያል። መድኃኒቱ ኮንትራስቱን ዞር ማድረግ ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ሞዴሎች መዘውሩ በመሣሪያው ጀርባ፣ በሌሎቹ ደግሞ በማስተካከያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

የመብራቱ ነገር ግን ለየት ይላል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተሠሩት ኪቦርዶች ብዙዎቹ በስክሪናቸው ጀርባ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚያበራ ስስ ንጣፍ ነበራቸው። ይህ ንጣፍ በሠራ ቁጥር ይደክማል፤ ከጥቂት ሺህ ሰዓታት አገልግሎት በኋላ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። በየምሽቱ የሚሠራ መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ያን ጊዜ መዘውር ቢያዞሩት መፍትሔ የለም፤ ንጣፉ መለወጥ አለበት።

ድምፁ ግን ከስክሪኑ አይመጣም። ስክሪኑ ፈጽሞ ቢጨልምም መሣሪያው ይዘፍናል። ታዲያ ጭንቀቱ ምንድን ነው? ጭንቀቱ በውስጡ ያለው ነው። የጃፓን ፋብሪካ የእኛን ችክችካ ወይም የሸጎዬን ምት ቀምሮ አልላከልንም። ምቱን መታ መታ አድርገው ያስገቡት፣ የክራርና የማሲንቆ ዓይነት ድምፅ ከባዕድ ድምፅ የቀመሙት፣ ለትዝታና ለባቲ የሚስማማውን ለይተው ያስቀመጡት የየከተማው ባለ ኪቦርዶች ናቸው። ሥራቸው በወረቀት አልተጻፈም፤ የተቀመጠው በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ነው። በዲኤክስ 7ም ሆነ በኤም 1 ይህን ማኅደር መሣሪያው ሲጠፋ የምታቆየው አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት። እርሷ ስትሞት የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ባትሪዋ ሳትሞት ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ለመገልበጥ ደግሞ ስክሪኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስክሪኑ ጨለመ ተብሎ ጥግ የተጣለ ኪቦርድ፣ ቁልፉ የጠፋ ዕቃ ቤት ማለት ነው፤ ውስጡም በዝምታ እየተበላ ነው።

ካሴት እንኳ ዕድል አለው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ የሠራውን ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገበያ ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታትሟል። በዚያ መካከል ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ፣ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ ከተደበቀበት ሲወጣ ሰውየውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። የኪቦርድ ማኅደር ግን ገበያ ላይ ወድቆ ቢገኝ፣ ባትሪው ካለቀ በኋላ የሚሰማ ነገር የለውም።

እንግዲህ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ አሮጌ ኪቦርድ ከአልጋ ሥር ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ፣ «የሞተ ዕቃ» ብሎ ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ነገር ይሞክር። መሣሪያውን ከሙቀት አውጥቶ ያቀዝቅዘው፤ ኮንትራስቱን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ያዙረው፤ ካልሆነም የእጅ ባትሪ በሰያፍ ያብራበት። ፊደል ብቅ ካለ የሞተው መብራቱ ብቻ ነው። ከዚያ ባለሙያ ባትሪውን ከመንቀሉ አስቀድሞ በውስጡ ያለው ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ መመለሻ የለውምና። የባህል ቢሮዎችና የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም ማሲንቆና ክራር ሲሰበስቡ ለእነዚህ ፕላስቲክ ሣጥኖች አንድ መደርደሪያ ቢተዉ አያንስባቸውም። የሦስት አሥርት ዓመታት የሠርግ ሌሊት በውስጣቸው አለ።